ድምፃዊው ለምን ራቀ? የኢንዲ ሮክ ባንድ የመጀመሪያ አልበም ሲደመጥ

አንድ ወዳጄ በቅርቡ አልበም ላከልኝ። የማላውቀው ባንድ፣ የመጀመሪያ ሥራቸው። «ስማውና ንገረኝ» ከማለት በቀር ምንም አላለም። 11 ዘፈን፣ 36 ደቂቃ። ከፈትኩት። መጀመሪያ የመጣው ዜማ አይደለም። የጊታርን ድምፅ የሚያጎላው መሣሪያ፣ አምፕሊፋየር፣ ሲበራ የሚያሰማው እዝዝታ ነው። ከዚያ ሁለት ጊታሮች እየተፋጩ ገቡ። ድምፃዊው ሲመጣ ደግሞ በር ተዘግቶበት ከወዲያኛው ክፍል የሚዘፍን ይመስላል። የጆሮ ማዳመጫዬን ነቅዬ አገላብጬ አየሁት። ምንም አልሆነም።

ለዚህ ሙዚቃ ጆሮው አዲስ የሆነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚህች ቦታ ላይ ይቆማል። «ይሄ ያለቀ ሥራ ነው ወይስ ልምምድ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። መልሱን ለማግኘት ግን ከድምፁ በፊት ስለ ገንዘብ ማውራት ያስፈልጋል።

ኢንዲ ማለት ምን ማለት ነው?

«ራሱን የቻለ» ከሚል የእንግሊዝኛ ቃል ተቆርጦ የቀረ ቃል ነው። ከማን ነው ራሱን የቻለው? ከትልልቆቹ የሙዚቃ አሳታሚዎች። አሳታሚ ስል የቀረጻውን ወጪ የሚሸፍን፣ አልበሙን የሚያባዛ፣ የሚያከፋፍልና የሚያስተዋውቅ ድርጅት ማለቴ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ትልልቆቹ ሦስት ናቸው፤ ዩኒቨርሳል፣ ሶኒ እና ዋርነር። ከእነሱ ውጪ ሥራውን የሚያወጣ ሁሉ በቃሉ የመጀመሪያ ፍቺ ኢንዲ ነው። ጊታር ይዞ ይጩህ፣ ፒያኖ ይዞ ይተክዝ፣ ለውጥ የለውም።

በ1976 መጨረሻና በ1977 መጀመሪያ ላይ በእንግሊዟ ማንቸስተር የሆነው ነገር ይህን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዝኮክስ የሚባል ባንድ ከቤተሰብና ከወዳጅ 500 ፓውንድ ገደማ ተበደረ። አራት ዘፈን በአንድ ቀን ቀረጹ። 1,000 ሸክላ አሳተሙ። አሳታሚው ማን ነው? ራሳቸው። ለወጉ ያህል ኒው ሆርሞንስ የሚል ስም አወጡለት። ሸክላው አለቀ፣ ደግመው አሳተሙ፣ ያም አለቀ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን ሽፋኑ ነው። እያንዳንዱ ዘፈን በስንተኛው ሙከራ እንደተቀረጸ ጽፈውበታል። ሌላው የሚደብቀውን እነሱ ለገዢው አስነበቡት።

«ለካ ይቻላል» ያለው ሰው ብዙ ነበር። ራፍ ትሬድ እና ፋክተሪ የሚባሉ ትንንሽ አሳታሚዎች በ1978 ሥራ ጀመሩ። ውላቸው ለማስረዳት አያስቸግርም፤ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የተረፈው እኩል ለእኩል። በጥር 1980 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ የኢንዲ ሸክላዎች የሽያጭ ሰንጠረዥ መውጣት ጀመረ። እዚያ ለመግባት መስፈርቱ የጊታሩ ድምፅ አልነበረም። ሸክላውን ያከፋፈለው ማን ነው የሚል ነበር።

ታዲያ ቃሉ እንዴት የሙዚቃ ስልት መጠሪያ ሆነ? እነዚህ ትንንሽ ቤቶች የሚያሳትሟቸው ባንዶች ድምፃቸው እየተቀራረበ መጣ። ጊታር የሚያዘወትሩ፣ በጥቂት ገንዘብ የተቀረጹ፣ ዘፋኞቻቸው የሰለጠነ ድምፅ የሌላቸው ባንዶች በረከቱ። አድማጩም ድምፁን ራሱን ኢንዲ ይለው ጀመር። ከዚያ ወዲህ ቃሉ በሁለት ቢላ ይበላል። የኒው ዮርኩ ዘ ስትሮክስ በ2001 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ እንግሊዝ ውስጥ ያሳተመለት ራፍ ትሬድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ያሳተመው ግን የትልቅ ኩባንያ አካል የሆነው አርሲኤ ነበር። በውሉ ካየነው እንግሊዝ ውስጥ ኢንዲ፣ አሜሪካ ውስጥ አይደለም። በድምፁ ካየነው ሁለቱም ጋ ኢንዲ ነው።

የመጀመሪያ አልበም ከሁለተኛው በምን ይለያል?

በጊዜ። የመጀመሪያውን ለመጻፍ ባንዱ የኖረበት ዕድሜ ሙሉ ነበረው። አንዱ ዘፈን ድምፃዊው በ17 ዓመቱ መኝታ ቤቱ ውስጥ የጻፈው ሊሆን ይችላል። ሌላው አዲስ ድራመር የገባ ሰሞን የተሠራ። ሌላው ደግሞ «አንድ ይጎድለናል» ተብሎ ስቱዲዮ ከመገባቱ ሁለት ሳምንት በፊት። ሁሉም አንድ ላይ ተደርድረው ይመጣሉ። አማርኛችን ፎቶ የሚለጠፍበትንም ደብተር አልበም ማለቱ እዚህ ጋ ይጠቅመናል። የልጅነት ፎቶና የትናንት ፎቶ ፊት ለፊት እንደተለጠፉ ማለት ነው። ባለቤቱ ያው አንድ ሰው ነው፣ መልኩ ግን ይለያያል። ሁለተኛው አልበም እንዲህ ያለ ጊዜ አያገኝም። በጉዞና በኮንሰርት መሃል፣ አሳታሚው «መቼ ነው?» እያለ፣ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ማለቅ አለበት።

ሌላም አለ። የመጀመሪያው አልበም ዘፈኖች ከመቀረጻቸው በፊት መድረክ ላይ ተፈትነዋል። ሰው ያላወዛወዘው ወድቋል። አርክቲክ መንኪስ የሚባሉት የሼፊልድ ልጆች በየኮንሰርቱ ናሙና ዘፈኖቻቸውን በሲዲ እየገለበጡ በነፃ ያድሉ ነበር። የወሰደው ሰው ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። አልበሙ በጥር 2006 ሲወጣ ታዳሚው ግጥሙን በቃሉ ይዞት ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት እንግሊዝ ውስጥ ብቻ 363,735 ቅጂ ተሸጠ። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ፈጣን ሽያጭ ያለው የመጀመሪያ አልበም ሆነ። ያሳተመው ዶሚኖ የሚባል ራሱን የቻለ አሳታሚ ነው።

መድረክ ላይ ያደገ ዘፈን ያስታውቃል። ዙሪያ ጥምጥም አያበዛም፤ ቶሎ ይጀምራል፣ ቶሎ ያልቃል፣ አዝማቹ በጩኸት ሊዘመር የሚችል ነው። ስቱዲዮ ውስጥ የተወለደው ዘፈን ደግሞ ይዘገያል፣ የድምፅ ጨዋታ ያበዛል። አዲስ አልበም ስሰማ «ይሄ የቱ ነው?» እያልኩ መለየት ልማዴ ሆኗል። ብዙ ጊዜ እሳሳት ይሆናል፤ ግን ጆሮን ሥራ ያስይዛል።

እሺ፣ ድምፃዊው ለምን ሩቅ ይሰማል?

ስቱዲዮ ውስጥ እያንዳንዱ መሣሪያ ለብቻው ማይክ ተደርጎለት ይቀረጻል። ከዚያ ሁሉም ተደባልቀው አንድ ይሆናሉ። ይህ ሥራ ሚክሲንግ ይባላል። የቡድን ፎቶ ለማንሳት ሰው እንደ መደርደር ነው። ማን ከፊት ይቁም? ማን ከኋላ? የማን ፊት በብርሃን ይታይ? በብዙ የፖፕ ሙዚቃ ድምፃዊው ከፊት፣ መሃል ላይ፣ አፍንጫችን ሥር ይቆማል። ሌሎቹ ያጅቡታል። በኢንዲ ሮክ ግን ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቆማል። አንዳንዴም ከጊታሩ ጀርባ አንገቱን ብቻ ብቅ ያደርጋል።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ድምፃዊ ዘፋኝ ሆኖ አያውቅም። ጊታር ይዞ ከመጡት ልጆች መሃል ማይክ ለመያዝ ያላፈረው እሱ ስለሆነ ብቻ ነው የሚዘፍነው። አንዳንዱ ባንድ ደግሞ ድምፅን እንደ አንድ ተጨማሪ መሣሪያ ያየዋል። ሆን ብሎ የሚያበላሽም አለ። የዘ ስትሮክስ የመጀመሪያ አልበም ላይ ድምፃዊው ጁሊያን ካዛብላንካስ በስልክ የሚያወራ ይመስላል። ድምፁን በትንሽዬ የመለማመጃ አምፕሊፋየር አሳልፈው ስለቀረጹት ነው። ጥሩ ማይክ አጥተው አይደለም። ያንን የተፋፈገ ድምፅ ፈልገውት ነው።

በዚህ ሙዚቃ ዙሪያ ሁለት ቃላት ደጋግመው ይመጣሉ። አንዱ ሪቨርብ ነው። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ስናጨበጭብ ድምፁ ግድግዳ እየመታ ሲመለስ የምንሰማው ዓይነት ነገር። የገደል ማሚቶ ታናሽ ወንድም በሉት። ሲበዛ ዘፋኙን ያርቀዋል፣ ሲቀንስ ያቀርበዋል። ሁለተኛው ዲስቶርሽን ነው። አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ድምፁ ይሻክራል፣ ይቀደዳል። አንድ ሰው ከጉሮሮው በላይ ሲጮህ ድምፁ እንደሚሰነጠቀው። ሮክ ሙዚቃ ይህንን ብልሽት ወዶ ያሳደገ ሙዚቃ ነው።

ከዚህ ሌላ የድህነት ምልክቶች አሉ። ስቱዲዮ በሰዓት ይከፈልበታል። ገንዘብ የሌለው ባንድ እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻ ለመቅረጽ ጊዜ የለውም። ስለዚህ አንድ ክፍል ውስጥ ተፋጠው አብረው ይጫወታሉ። ያኔ የድራሙ ድምፅ በጊታሩ ማይክ ውስጥ ሾልኮ ይገባል። በኋላ ጊታሩን ከፍ አደርጋለሁ ሲሉ ድራሙም አብሮ ይነሳል። ምትን በእኩል የሚቆጥር መሣሪያ በጆሯቸው ካላደረጉ ደግሞ ፍጥነቱ ይዋዥቃል። አዝማቹ ሲደርስ ሞቅ ይላቸውና ይሮጣሉ። ይህን ጉድለት የሚለው አለ። እኔ ግን አንድ አዝማች ላይ አራት ሰው አብሮ ሲጣደፍ ስሰማ ደስ ይለኛል። ኮምፒውተር እንዲህ አይቸኩልም።

ሁልጊዜ ድህነት ነው ማለት ነው?

አይደለም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። «ኢንዲ ማለት ጥሬ ድምፅ» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። በመሃል ፕሮዲዩሰር የሚባል ሰው አለና። ፕሮዲዩሰር ቀረጻውን የሚመራው፣ «ይሄ ይቅር፣ ያ ይደገም» የሚለው ሰው ነው። የአልበሙ ድምፅ ብዙ ጊዜ የባንዱን ያህል የእሱም ነው።

ከምሳሌዎቹ ሁሉ የምመርጠው ጆይ ዲቪዥን የተባለው ባንድ በ1979 ያወጣውን የመጀመሪያ አልበም ነው። እነዚህ ልጆች መድረክ ላይ ጯሂና ቁጡ ነበሩ። ፕሮዲዩሰሩ ማርቲን ሃኔት (የበዝኮክስን አራት ዘፈኖች የቀረጸውም እሱ ነው) ግን ሌላ ነገር ሰማ። መሣሪያዎቹን አራራቃቸው፣ በመሃላቸው ባዶ ቦታ ተወ። የአሳንሰር ድምፅ አስገባ፣ የሚሰበር ብርጭቆ አስገባ። ውጤቱ ሰፊና ቀዝቃዛ ሆነ፤ ሌሊት ባዶ ፋብሪካ ውስጥ የመቆም ዓይነት። ጊታር ተጫዋቹ በርናርድ ሰምነርና ቤዝ ተጫዋቹ ፒተር ሁክ በወቅቱ አልወደዱትም። እነሱ የፈለጉት የመድረኩን ቁጣ ነበር። ዛሬ ባንዱ የሚታወሰው ግን በዚያ ቅዝቃዜ ነው።

ስለ ፒተር ሁክ ካነሳን አይቀር፣ ቤዝ ጊታር በተለምዶ ወፍራም ድምፅ ይዞ ከታች ሆኖ ቤቱን የሚሸከም ምሰሶ ነው። ሁክ ግን ከላይ፣ በቀጭኑ ድምፅ፣ ዜማ ይጫወታል። ለምን? እሱ እንደሚናገረው መነሻው ተራ ችግር ነው። ጓደኛው ጊታሩን ያስጮሃል፣ የእሱ መሣሪያ ደግሞ ደካማ ነው። ከታች ሲጫወት ራሱን አይሰማም። ከላይ ሲጫወት ይሰማል። ከዚያ በኋላ የመጡ ስንት ቤዝ ተጫዋቾች፣ ጥሩ አምፕሊፋየር እያላቸው፣ ይህን አጨዋወት ወረሱት።

ተቃራኒውም አለ። ዘ ኤክስኤክስ የሚባለው የለንደን ባንድ የ2009 አልበሙን አብዛኛውን በሌሊት፣ በአሳታሚው ግቢ ባለች ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ቀረጸ። እዝዝታ የለም፣ ጩኸት የለም። ሁለት ሰው በሹክሹክታ ይዘፍናል፣ ጊታሩ ጠብ ጠብ ይላል። በቀጣዩ ዓመት መርኩሪ የሚባለውን የእንግሊዝ የሙዚቃ ሽልማት ወሰደ። ይህም ኢንዲ ነው።

ታዲያ እንዴት ልስማው?

በቅደም ተከተሉ። ይህ የናፍቆት ነገር አይደለም፤ አሠራሩ ነው። በ1948 ኮሎምቢያ የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ አሳታሚ ያስተዋወቀው ረጅም ሸክላ በአንድ ገጹ 20 ደቂቃ ገደማ ይይዛል። ሁለት ገጽ፣ 40 ደቂቃ። ብዙ ባንዶች ዛሬም የመጀመሪያ አልበማቸውን በዚያው ልክ ይሰፉታል። የመጀመሪያው ዘፈን በር ነው። አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይዘጋል። ቀጥሎ ያለው እንደገና ይከፍታል፤ ሸክላው ይገለበጥበት የነበረ ቦታ ነዋ። ቅደም ተከተሉን አቀያይሮ የሚያጫውተውን ቁልፍ ካልዘጋነው ይህ ሁሉ ይጠፋል።

በስልክ ድምፅ ማጉያ መስማት ይቅር። ቤዙን ይበላዋል። ከላይ እንዳየነው ደግሞ አንዳንዴ ዜማው ያለው ቤዙ ላይ ነው። እኔ መጀመሪያ ስሰማ ምንም አልከታተልም፤ ዕቃ እያጠብኩም ቢሆን ዝም ብዬ አስኬደዋለሁ። ሁለተኛ ላይ አንድ መሣሪያ መርጬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሱን ብቻ እከተላለሁ። ቤዝ ይሻላል፤ ሁሉም ነገር በእሱ በኩል ስለሚያልፍ። ግጥሙ ሦስተኛ ነው።

ግጥሙ ካልገባኝስ? አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነውና «ቋንቋው ነው ያገደኝ» የሚል ብዙ ነው። ቋንቋው አፍ መፍቻቸው የሆነውም አይሰሙትም። አር.ኢ.ኤም. የሚባለው የአሜሪካ ባንድ የመጀመሪያ አልበም በ1983 ሲወጣ ድምፃዊው ማይክል ስታይፕ ቃላቱን ያልጎመጉም ነበር። አሜሪካውያን ራሳቸው ምን እንዳለ ይከራከሩ ነበር። አልበሙ ግን ተወደደ። የጉሮሮውን ዜማ መያዝ በቂ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ደጋግሜ ስሰማው ብወደው፣ ስለለመድኩት ብቻ አይደለም?

ሊሆን ይችላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛየንስ በ1968 ባሳተመው ጥናት ሰዎች አንድን ነገር ደጋግመው ባዩት ቁጥር ይበልጥ እንደሚወዱት አሳይቷል። የማይገባቸው ፊደልና ትርጉም የለሽ ቃል ሳይቀር። ስለዚህ «አምስት ጊዜ ሰምቼ ወደድኩት» የሚለው ለአልበሙ ጥሩነት ማስረጃ አይሆንም። እኔ የምለይበት ዘዴ አለኝ። መልመድ ብቻ ከሆነ ያው ዘፈን ያው እንደሆነ ይቆያል። ጥሩ ከሆነ ግን በአምስተኛው ላይ በመጀመሪያው ያልሰማሁት ነገር ይሰማኛል። ሳይንስ አይደለም፣ ግን ብዙም አላሳፈረኝም።

በስትሪሚንግ ዘመን አልበም የሚሰማ አለ እንዴ?

እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ማወቅ ይጠቅማል። ስፖቲፋይ በሚባለው፣ ሙዚቃ በኢንተርኔት በቀጥታ በሚደመጥበት (ስትሪሚንግ ማለት ይኸው ነው) አገልግሎት ላይ አንድ ዘፈን «ተደመጠ» ተብሎ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ሲሞላው ነው። በ29ኛው ሰከንድ ካለፍነው እንዳልሰማነው ነው። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ባለፉት 12 ወራት 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ከዚያ ቤት ክፍያ አያገኝም። ለታወቀ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ለአዲስ ባንድ ግን የአልበሙ ስምንተኛ ዘፈን 1,000 መድረሱ ቀላል አይሆንም። ሰው መጀመሪያ ያሉትን ሁለት ሰምቶ ይሄዳልና። ስለዚህ ብዙ ሙዚቀኛ አዝማቹን ወደ ፊት ያመጣዋል፣ መግቢያውን ያሳጥረዋል።

ወዳጄ የላከልኝን አልበም ሰዓት ይዤ ለካሁት። እዝዝታው 22 ሰከንድ ይፈጃል። ድምፃዊው የሚገባው በ51ኛው ሰከንድ ነው። ስሌቱን ሳያውቁት ቀርተው አይመስለኝም።

ሦስተኛው ምሽት ላይ፣ በጥሩ ማዳመጫ፣ መብራት አጥፍቼ ሰማሁት። የመጨረሻው ዘፈን አልቆ ጊታሩ እየሞተ ሲሄድ ከጀርባ አንድ ሰው አሳለ። ከዚያ ወንበር ተንቋቋ። አንዱ ቀስ ብሎ የሆነ ነገር ጠየቀ፤ «ይበቃል?» የሚል ይመስለኛል። ሌላው መልስ ሳይሰጥ ቀረጻው ተቆረጠ።